ራዳሩ የማይለካው ፍጥነት

ከሆሳዕና መናኸሪያ በጧት የተነሣው ሚኒባስ ከተማዋን ለቅቆ ገና እንደወጣ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ ረጅም መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገ። ሾፌራችን እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ምስጋናውን ገለጸ፤ እግሩንም ከነዳጁ መስጫ አነሣ። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ጎንበስ ብለው ቆመው ለነበሩት ሁለት ትርፍ ተሳፋሪዎች ይበልጥ ዝቅ እንዲሉ ምልክት ሰጠ። ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደተጓዝን ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የቆመ የትራፊክ ፖሊስ አየን። በሚያስመሰግን ዝግታ አልፈነው ሄድን። ኩርባውን እንደዞርን ግን ሞተሩ እንደገና ጮኸ፤ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዙ ሕፃናትን ከነፋስ ጋር እያወዛወዝን አለፍናቸው።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት የፊተኛውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ! የሰው ልጅ ነው እኮ!» አሉ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቷቸው በአክብሮት «እናቴ፣ ተራ ያመልጠኛል» ሲል መለሰ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ስለ ትራፊኩ ቀልድ ተናገረ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ግለ ሂስ ማድረግ የሚገባ ከሆነ፣ ይህን የሚጽፈውም ሰው አብሮ ስቋል። ስብሰባ ነበረብኝ፤ ቀድሞ መድረሱም ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በዚያች የመብራት ብልጭታና በዚያች አጭር መልስ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው።

ስለ ትራፊክ አደጋ በጋዜጦቻችንና በራዲዮናችን የሚቀርበው ዘገባ ለረጅም ዘመን አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ቆይቷል። አደጋው የደረሰበት ቦታ ይነገራል፤ የሟቾችና የቁስለኞች ቁጥር ይጠቀሳል፤ በመጨረሻም መንሥኤው «ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር» መሆኑ ተገልጾ ጉዳዩ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ዘገባ ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን በክሥተቱ ላይ ቆሞ የሚቀርና ወደ ባሕርዩ ዘልቆ የማይገባ ነው። አንድ ሾፌር ስለ ቸኮለ መኪናው ፈጠነ ማለት፣ ውኃው ስለ ወረደ ፈሰሰ እንደ ማለት ያህል ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፣ በየማለዳው ከአንድ መናኸሪያ የሚነሡ፣ የተለያየ ጠባይና ዕድሜ ያላቸው፣ ልጆች የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች ሁሉም በአንድ ዓይነት የሚቸኩሉበት ተጨባጭ ሁኔታ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለ አካባቢው ጥቂት መባል ይኖርበታል። ነባር ስሟ ዋቸሞ የሆነው ሆሳዕና በቀድሞው አስተዳደር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ የተዋቀረው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርሰው መንገድ፣ ከእርስዋ አልፎ በዶዮገናና በአረካ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ይዘልቃል። ወደ አንጋጫና ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔና ወደ ሽንሽቾ የሚመላለሰው ሕዝብ፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለክልሉ መሥሪያ ቤት ጉዳይ የሚመጣው ባለ ጉዳይ፣ ስንዴና ድንች የሚያወጣው ነጋዴ፣ ሁሉም የሚገናኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ስትሆን መሥሪያ ቤቶች መጡ፤ መሥሪያ ቤቶች ሲመጡ መኪና መጣ፤ የመንገዱ ስፋት ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

የሐዲያና የከምባታ ደጋ በአገራችን እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ቤቶቹ የእንሰት ተክላቸውን ከጀርባ አድርገው መንገዱን ተከትለው ተሠርተዋል። ስለዚህ ካርታ ላይ «ከከተማ ውጭ» ተብሎ የሚታየው አስፋልት በእውነተኛው ሕይወት የመንደር ግቢ ነው። ከብት የሚነዳው፣ ቆጮ ተሸክማ ገበያ የምትሄደው፣ ለቀብር ተሰብስቦ የሚወጣው፣ ኳስ የሚጫወተው ሁሉ በዚያው ላይ ነው። ሾፌሩ ከአንድ ከተማ ወጥቶ ወደ ሌላው እስኪገባ በሕጉ አስተሳሰብ በባዶ አገር ላይ ይጓዛል፤ በዓይኑ ግን ያለ ማቋረጥ ሰው ያያል።

እንግዲህ ወደ ፍጥነት ቁጥጥሩ እንመለስ። በዚህ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን በሻይ ቤት፣ በጎሚስታና በመናኸሪያው አጥር ሥር ያነጋገረ ሰው የሚሰማው ቅሬታ ከመስመር መስመር ብዙ አይለያይም። የመጀመሪያው የቦታው ነገር ነው። ፖሊሱ የሚቆመው ቁልቁለት በሚያልቅበት፣ መኪናው በራሱ ክብደት በሚሮጥበት ቦታ ነው፤ ከዛፍ ወይም ከቆመ መኪና ጀርባ ነው፤ የፍጥነት ወሰኑን የሚያመለክት ሰሌዳም በአቅራቢያው የለም፤ ቢኖርም ወድቋል ወይም የማስታወቂያ ወረቀት ተለጥፎበታል ይላሉ። ሁለተኛው የማስረጃ ነገር ነው። ራዳር ያለው ፖሊስ ቁጥሩን ለሾፌሩ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ የማያሳይበትም ጊዜ አለ፤ ራዳር በሌለበት ደግሞ ፍጥነቱ የሚመዘነው በዓይን ግምት ነው። ሦስተኛው፣ በዝቅ ያለ ድምፅ የሚነገረው፣ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ነው። አራተኛው የጊዜ ነገር ነው። መንጃ ፈቃዱ ተይዞበት የቅጣት ወረቀት የተሰጠው ሾፌር፣ ቅጣቱን ከፍሎ ፈቃዱን እስኪያስመልስ ድረስ የሥራ ቀን ይባክንበታል። ብዙዎቹን የሚያማርረው የብሩ መጠን ሳይሆን ይኸው የሚባክነው ቀን ነው።

ከእነዚህ ቅሬታዎች ውስጥ ትክክለኛውን ከትክክለኛው ያልሆነ መለየት ያስፈልጋል። «ለምን ተደብቆ ይይዘናል?» የሚለው ብሶት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ማምለጫ ነው። ሕጉ ፖሊስ ሲኖር ብቻ የሚሠራ ሕግ አይደለም። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ከወጣ፣ በ2009 ዓ.ም. ከተሻሻለም ወዲህ፣ ከወሰን በላይ መንዳት ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ ባለ ሙያ ሾፌር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለኢትዮጵያ የመዘገበው በከተማ ውስጥ የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው። በሌላ በኩል ግን፣ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በምንም ዓይነት የአነጋገር ስልት ሊሸፈን የማይገባው ዘረፋ ነው። ከሠራተኛው ኪስ የሚወጣው ብር ወደ ሕዝብ ግምጃ ቤት ካልገባ፣ የደንብ ልብስ የለበሰው እጅ ከለበሰው ልብስ ይልቅ የበዝባዡን እጅ ይመስላል።

አሁን ስለ ፍጥነቱ ራሱ እንነጋገር፤ ብዙ ሾፌሮች «እኔ እጄ ላይ ነው፣ እቆጣጠረዋለሁ» በሚሉት ላይ። ነገሩ የልምድ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል ብንል፣ በዚያ ሰከንድ ውስጥ መኪናው ምንም አልቀነሰም። ፍሬኑ ደኅና፣ ጎማው ያልተበላ፣ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ፣ በ40 የሚሄደው በ20 ሜትር ያህል ርቀት ይቆማል፤ በ60 የሚሄደው 36 ሜትር ያስፈልገዋል፤ በ80 የሚሄደው ደግሞ 57 ሜትር። ቁልቁለትና የክረምት ጭቃ ሲጨመርበት ሒሳቡ ይከፋል።

እስቲ ከአጥር ወጥቶ 30 ሜትር ፊት ለፊት አስፋልቱን የሚያቋርጥ ሕፃን እንበል። በ40 የሚመጣው መኪና ሕፃኑ ዘንድ ሳይደርስ 10 ሜትር ቀርቶት ይቆማል። በ60 የሚመጣው ግን ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦም ቢሆን በ35 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይመታዋል። በ80 የሚመጣው በ70 ይመታዋል። ሾፌሩ ያው ሾፌር ነው፤ መኪናው ያው መኪና ነው፤ የእጁ ብልሃትም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በመቶ አራት ያህል ይጨምራል። ሕዝቡ ይህን ቀመር ባያውቀውም ውጤቱን ያውቀዋል። ለአይሱዙ የጭነት መኪና «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣለት በቀልድ ብቻ አልነበረም።

በዚያው የ2018 ሪፖርት ስለ አገራችን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በመንግሥት መዝገብ የታወቀው የትራፊክ አደጋ ሟች 4 ሺህ 352 ነው፤ ድርጅቱ በስሌት የገመተው ግን ከ27 ሺህ በላይ ነው። የግምቱን ስልት መተቸት ይቻላል። ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ለገጠሩ ሕዝብ እንግዳ አይሆንበትም። ተመትቶ ቤቱ የተወሰደው፣ ከሳምንት በኋላ የሞተው፣ በሽማግሌ ታርቆ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ያልደረሰው ሰው በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል?

እዚህ ላይ ነው የመብራቱ ብልጭታ ሊመረመር የሚገባው። በቅርጹ ሲታይ የሠራተኞች መተባበር ይመስላል። የማይተዋወቁ ሁለት ላብ አደሮች በመንገድ ተላልፈው አንዱ ሌላውን ከቅጣት ያድነዋል፤ ክፍያ አይጠይቅም፤ ውለታውንም አይቆጥርም። ሰው ይህን ሲያይ ልቡ መነካቱ አይቀርም። ይዘቱ ግን ምንድን ነው? ብልጭታው የሚያስጠነቅቀው ስለ ፖሊሱ ነው። ከኩርባው ወዲያ ስላሉት ተማሪዎች፣ ስለ ቆመው የከብት መንጋ፣ ስለ ለቀስተኛው ብልጭ የሚያደርግ እምብዛም አላጋጠመኝም። ሾፌሮቹ ከቅጣት ለመዳን ያላቸው ኅብረት በየቀኑ የሚሠራ፣ የሠለጠነ፣ ዲሲፕሊን ያለው ኅብረት ነው። ሕይወት ለማዳን ግን ገና አልተደራጀም። የሚገርመው ደግሞ በአስፋልቱ ጠርዝ የሚሄደው እግረኛ የማንም ሳይሆን የሾፌሩ የራሱ ወገን መሆኑ ነው፤ የአጎቱ ልጅ፣ የማኅበርተኛው ሚስት፣ ትናንት አሳፍሮት የወሰደው ገበሬ።

ታዲያ ይህ ሰው፣ ጨካኝ ካልሆነ፣ ለምን ይቸኩላል? መልሱን በሚኒባሱ ውስጥ ሰምተነዋል፤ «ተራ ያመልጠኛል» ብሏል።

አብዛኛው ሾፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። ለባለ ንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁንም ይሞላል፤ የረዳቱንም ይከፍላል፤ የራሱ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። ተሳፋሪው ቢበዛም ቢያንስም፣ ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ቢሰለፍም፣ ዝናብ መንገዱን ቢዘጋውም የተቆረጠው ገቢ አይቀነስም። ስለዚህ የቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የባለ ንብረቱ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሰዓቶች የሾፌሩ ናቸው። የመጨረሻውን አንድ ምልልስ ያገኘና ያላገኘ ሾፌር ቤቱ የሚገባበት ሁኔታ ለየቅል ነው። አንዳንድ አደጋዎች ለምን ከምሽቱ አካባቢ እንደሚደርሱ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው በዚህ ቦታ ሊሳሳት ይችላል። በሐዲያና በከምባታ የሚኒባስ ባለ ንብረት ሲባል ብዙ ጊዜ በመጽሐፍ የምናውቀው ባለ ሆድ ከበርቴ አይደለም። ካለፉት ሃያ ዓመታት በላይ ከዚህ አካባቢ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድደዋል። በየሰፈሩ ሱቅ እየከፈቱ፣ ሸቀጥ በትከሻ ይዘው እየዞሩ፣ ለዘራፊ ጥይትና በባዕዳን ላይ ለሚነሣው ሁከት ተጋልጠው ያጠራቀሙትን ብር ወደ አገር ይልካሉ። ያ ብር ሆሳዕና ውስጥ ፎቅ ይሆናል፤ ባጃጅ ይሆናል፤ ሚኒባስ ይሆናል። ስለዚህ በቀን የሚቆረጠው ገቢ ከአንድ ሠራተኛ ትከሻ ወጥቶ የሌላውን የስደተኛ ሠራተኛ ዕዳ ለመክፈል የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱም አይተዋወቁ ይሆናል። በመካከላቸው የቆመው ወኪል፣ ወንድም ወይም አማች፣ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የዛሬው ገባ ወይስ አልገባም? ግንኙነቱ የብዝበዛ ግንኙነት መሆኑ አይቀርም፤ ነገር ግን ጠላቱን በጣት መጠቆም እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም።

ከገቢው ይልቅ ግን ለፍጥነቱ ቅርብ የሆነው ምክንያት የተራው አያያዝ ነው። በአብዛኛው መናኸሪያ ተራ የሚያዘው በመድረስ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይመዘገባል፤ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይጭናል። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ይመስላል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከሆሳዕና ወራቤ ያለውን መንገድ በግርድፉ 60 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ በ60 የተጓዘ በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ በ80 የተጓዘ በ45 ደቂቃ ይደርሳል። ትርፉ 15 ደቂቃ ነው። በዚያች 15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት መኪናዎችን ከቀደመ፣ ተሳፋሪ በሚሳሳበት የቀትር ሰዓት እያንዳንዱ መኪና ሞልቶ እስኪወጣ የሚጠበቀውን ያህል፣ ምናልባት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያተርፋል። የተቀደሙት ሁለቱ ያንኑ ሰዓት ከስረዋል። ነገ እነርሱ ደግሞ እርሱን ለመቅደም ይሮጣሉ። ሁሉም ሲሮጥ የተራው ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያው ነው፤ የተጨመረ አንድም ተሳፋሪ የለም፤ የተጨመረው ነዳጅ፣ የተበላ ጎማና የሰው ሕይወት ነው።

ፍጥነቱ የሚወለደው በመንገድ ላይ ሳይሆን በመናኸሪያው ግቢ ውስጥ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ፖሊሱ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆኖ የሚያየው የተወለደውን ነው። ራዳሩ ወደ መኪናው የላከው ሞገድ ተመልሶ ሲመጣ የመኪናውን ፍጥነት በቁጥር ይነግረዋል፤ ሾፌሩን ከኋላ የሚገፋውን የገቢና የተራ ፍጥነት ግን የሚለካበት መሣሪያ በእጁ የለም። በሕዝብ ማመላለሻ ላይ እንዲገጠም የታዘዘው የፍጥነት መገደቢያም እንዲሁ ነው። ሾፌሩን ለማስቸኮል የሚገፋው ጉልበት እስካለ ድረስ ሽቦውን የሚቆርጥ እጅ አይጠፋም።

ይህን ስንል የፖሊስ ቁጥጥር ይቅር ማለታችን አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ቁጥጥሩ በቀረበት ዕለት የሚሞተው ሕፃን የሾፌሩን የኑሮ ጫና ተረድቶ አይነሣም። ጥያቄው ቁጥጥሩ ለምን ዓላማ፣ በማን ፊት፣ እንዴት ይካሄድ የሚለው ነው። የሌሎች አገሮች ታሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት አለው፤ የካፒታሊስቱም የሶሻሊስቱም። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን በአውቶባን ላይ የፍጥነት ወሰኑ 100 ኪሎ ሜትር ነበር። ወደ ምዕራብ በርሊን በምድሯ ላይ የሚያልፉት የምዕራብ ጀርመን ሾፌሮች በዚያ መንገድ ላይ በብርቱ ይጠበቁ ነበር፤ ቅጣታቸውንም የሚከፍሉት በምዕራብ ማርክ ነበር። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ያገኝ ነበር፤ ሾፌሮቹ ግን ስለ ደኅንነት የተማሩት ነገር አልነበረም፤ የተማሩት ፖሊሱ የት እንደሚደበቅ ነው። በአሜሪካም ፈርጉሰን በምትባለው ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ተተኩሶ ከተገደለ በኋላ፣ የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የከተማዋ ፖሊስ ሥራ ለሕዝብ ጸጥታ ከመጨነቅ ይልቅ ቅጣት ሰብስቦ በጀት በመሙላት ፍላጎት የተቃኘ እንደ ነበር ገልጿል። ቅጣት ገቢ በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ የሥርዓቱ ስም ምንም ይሁን ምን፣ ጥፋት እንዲቀጥል የሚፈልግ አንድ ወገን ይፈጠራል።

ስዊድን ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. በምክር ቤቷ በመንገድ ላይ ማንም እንዳይሞት የሚል ግብ ካጸደቀች በኋላ፣ የፍጥነት ካሜራዎቿን ከመደበቅ ይልቅ አስቀድሞ በሰሌዳ ታስታውቃለች። ሾፌሩ ካሜራ እንዳለ አውቆ ፍጥነቱን ከቀነሰ የተፈለገው ሆኗል ማለት ነው። በእኛ አገር ይህ አስተሳሰብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪ በሚበዛበት፣ ገበያ በሚውልበት፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት ቦታ የቆመ፣ ከሩቅ የሚታይ ፖሊስና በቀለም የተጻፈ ሰሌዳ በቂ ነው። ሰሌዳው ወድቆ እንደሆነ ማቆም ለቀበሌው ነዋሪ የአንድ እሑድ ሥራ ነው።

ይሁንና የቆመ ፖሊስ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ኩርባው አለ፤ ብልጭታውም አለ። ለዚህም የተገኘ ዘዴ አለ። ኢጣልያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቱቶር» በተባለ አሠራር አንድ መኪና ከአንድ ነጥብ እስከ ሌላው ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ አስልታ አማካይ ፍጥነቱን ታገኛለች። በመካከል ፍሬን በመርገጥ ይህን ማታለል አይቻልም። እዚያ በካሜራና በኮምፒዩተር የሚሠራውን እኛ ዘንድ ሁለት የግድግዳ ሰዓትና አንድ ወረቀት ሊሠራው ይችላል። ሚኒባስና አውቶቡስ ከመናኸሪያ ሲወጣ የመውጫ ወረቀት ይቆረጥለታል። በወረቀቱ ላይ የመነሻ ሰዓት በማኅተም ቢሰፍር፣ በሚደርስበት መናኸሪያ ደግሞ የመድረሻው ቢሰፍር፣ 60 ኪሎ ሜትሩን በ40 ደቂቃ የጨረሰ ሾፌር የት ቦታ እንደበረረ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ በረራው በእጁ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ከዚህ ጋር የተራው አያያዝ ካልተለወጠ ግን ወረቀቱም ሌላ የማምለጫ ስልት ይወልዳል። ተራ በመድረስ ሳይሆን በመነሣት ቅደም ተከተል ቢያዝ፣ ማለትም ከሆሳዕና ሦስተኛ ሆኖ የወጣ መኪና ወራቤም ሲደርስ ሦስተኛ ሆኖ ቢመዘገብ፣ በመንገድ ላይ መቅደም ዋጋ ያጣል። ቀድሞ የደረሰው ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ሐሳብ ከሾፌሮቹ ራሳቸው አፍ የሚሰማ ሐሳብ ነው። አንዳንዶቹ ሲያብራሩት፣ ይህ እስካሁን ለምን እንዳልሆነ ራሳቸውም የሚገረሙ ይመስላሉ። መሰናክሉ ሁለቱ መናኸሪያዎች በሁለት አስተዳደር ሥር መሆናቸው፣ ተራ አስከባሪዎቹም በየበኩላቸው የለመዱት ጥቅም መኖሩ ነው። ቀድሞ ለመጫን የሚፈልግ ሾፌር ለማን ምን እንደሚሰጥ መናኸሪያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የቀበሌ ነዋሪዎችና የሾፌሮች ማኅበራት ሚና ይመጣል። የድሮው ዘመን ልምድ አንድ ነገር ያስተምራል። በ1968 ዓ.ም. የንግድ መኪናዎች በአዋጅ በቀጣና ተደራጅተው ስምሪታቸው ከላይ ይታዘዝ በነበረበት ጊዜ ተራ ነበረ፤ ታሪፍ ነበረ፤ ሥርዓትም ነበረ። ነገር ግን ሾፌሩ የሥርዓቱ ታዛዥ እንጂ ባለቤት ስላልነበረ፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው ለግል ባለ ሀብት ሲከፈት ያ ሁሉ ዲሲፕሊን በቀላሉ ፈረሰ። ከላይ ብቻ የመጣ ሥርዓት ከላይ ሲለወጥ አብሮ ይሄዳል።

በከምባታ ከዚያም እጅግ የቀደመ፣ ከማንም ያልተሰጠ ሥርዓት አለ፤ «ሴራ» ይባላል። በአማርኛ ሴራ የሚለው ቃል የተንኮል ሽታ አለው። በከምባታ ግን ጎረቤታሞች ተሰብስበው፣ ተወያይተው፣ በቀብርና በሥራ፣ በጠብና በዕርቅ የሚተዳደሩበት የጋራ ደንብ ነው። ደንቡን የጣሰ በአደባባይ ይጠየቃል፤ አልመለስ ካለ ጎረቤቱ ይርቀዋል። እሳት የሚለምንበት ቤት ማጣት ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ የሚፈራ ነገር ነው። የመንደሩ ግቢ በሆነው አስፋልት ላይ የመንደሩ ደንብ ለምን አይሠራም? የቀበሌ ስብሰባ ስለ ጽዳትና ስለ መዋጮ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ ስለሚያልፈው መኪናም ሊነጋገር ይችላል። የሾፌሩን፣ የባለ ንብረቱን ወኪልና የትራፊክ ፖሊሱን በአንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ፣ የተቆረጠው የቀን ገቢ በነዳጅ ሰልፍ ቀን ስንት ይሁን፣ ደረሰኝ ሳይሰጥ ብር የተቀበለ እንዴት ይጋለጥ፣ ትርፍ ሰው ሆኖ ተጎንብሶ የሚሳፈረውስ እኛው አይደለንምን ብሎ መጠየቅ ይችላል። የመጨረሻው ጥያቄ ለስብሰባው ራሱ የሚከብደው ይሆናል።

ከዱራሜ በኩል ስመለስ የሥራ ሰዓት አልቆ ነበር። በዚያች ምሽት የተሳፈርኩበት ሾፌር ሌላ ሰው ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ዝምተኛ። አንድ ባጃጅ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግለት ፍጥነቱን ቀነሰ። ፖሊስ ግን አልነበረም፤ በኩርባው ላይ ማገዶ የጫነ አህያ አስፋልቱን እያቋረጠ ነበር። ሽማግሌው ሾፌር ቆሞ አሳለፈው፤ ኋላ የነበረው ሚኒባስ ጡሩንባውን እየነፋ ቀድሞን ሄደ።

ሆሳዕና ስንደርስ ያ ሚኒባስ ከፊታችን ተመዝግቦ አገኘነው። በመናኸሪያው በር ላይ ያለው ተራ አስከባሪ ደብተሩን ሲዘረጋ በትከሻው ላይ ተመለከትሁ። የታርጋ ቁጥር፣ የሚሄድበት ከተማና የመውጫ ሰዓት የሚጻፍባቸው ዓምዶች በማስመሪያ ተሠምረዋል። የመድረሻ ሰዓት ዓምድ የት እንዳለ ጠየቅሁት። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነገረኝ፤ ከዚያም ደብተሩን አገላብጦ አይቶ፣ ከቀኙ ጠርዝ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ እንዳለ አሳየኝ።